የአልሆነም መዝገብ

ሰድበሪ ነው፣ ኦንታሪዮ፤ ምድር ቤት ውስጥ ነኝ፣ ብርጭቆ አጣቢ፣
የሰው ሙከራ ለቅላቂ፣ የሰው ስህተት አንባቢ።
በደመወዝ ወረቀት ላይ «ረዳት ቴክኒሺያን» ይሉኛል፤
እጄን ያየ ግን ያውቃል፤ አሲድ ስሜን ጽፎልኛል።

ከመስኮቱ ማዶ ጥቁር ድንጋይ፤ ከድንጋዩ ወዲያ፣ ከጉድጓዱ ጓሮ፣
ኩባንያው ሲደፋ የኖረው ዝቃጭ፣ መቶ ዓመት ተቆጥሮ፤
ኒኬሉ ተጠምቆ ያለቀለት፣ ለከብት የማይሰጥ አተላ፣
ወፍ ዞሮ የሚሸሸው ኩሬ፣ ዳሩ እንደ ዝገት የቀላ።

ፕሮፌሰር ዩጌት ሴጋን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ይህን አተላ ዘርግታ፣ «ብሉ፣ ልጆቼ፣ ብሉ»
ትል ነበር፣ ጎንበስ ብላ፣ ድንጋይ በልተው ብረት ለሚተፉ፣
አሲድ ውስጥ ለሚዋለዱ፣ አሲድ ውስጥ ለሚያንቀላፉ
ዓይን ለማያያቸው ነፍሳት።
ዴልፊን ኮርቢዬር ትስቅባታለች፣ የማኒቱሊን ልጅ፣ ተማሪ፣
ሙቀት ለኪ፣ ጠርሙስ ቆጣሪ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚያው አዳሪ።

እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው። ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተበላ።
ጠርሙስ አንድ፦ አልሆነም።
ጠርሙስ ዘጠኝ፦ ሞተዋል። አልሆነም።
ጠርሙስ አርባ፦ ሊሆን ነው ስንል በረዳቸው፤ አልሆነም።
ጠርሙስ መቶ ሰባት፦ ሾርባ ፈሶበታል፣
አይነበብም፤
ግን አልሆነም።

በየሚያዝያው ሚስተር ዊንስሎ ይመጣል፣ ከኩባንያው ተልኮ፣
«መቼ ነው?» ይላል፤ «ስንት ወር? ገንዘብ እኮ ነው፣ ገንዘብ እኮ!»
ሴጋንም፦ «ላም አለኝ በሰማይ አላልኩህም፤
ላሚቱ እዚችው ናት፤ ግን ገና አልወለደችም።»
(ትርጉሙ የእኔ ነው፤ እሷ የጠራችው የሜፕል ዛፍ ነበር።)

በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ከኦታዋ ደብዳቤ። አጭር፣ ጨዋ፦
ዘንድሮ ቅድሚያው ቶሎ ገበያ ለሚወጣ ነው።
ከሦስቱ ማሞቂያ ሁለቱ ጠፉ፤ ዴልፊን ካፖርቷን ደርባ ሠራች፤
እኔ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩ፤ ሴጋን መኪናዋን ሸጠች።
አልነገረችንም።
ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ በረዶ ሽፋሽፍቷ ላይ ሳለ ነው ያወቅነው።

ከዚያ ሬዮ ማኪነን መጣ፣ ጡረተኛ፣
ሠላሳ አራት ዓመት ጉድጓድ የወረደ፣ ዝምተኛ፤
ቴርሞሱን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ ሻይ መስሎኝ ኩባያ አቀረብኩ።
«አትቅመሰው» አለኝ። «ከድሮው ዋሻ ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ነው የቀዳሁት።
በየዓመቱ ቦት ጫማዬን ሲበላ የኖረው ይሄ ነው፤
ቦት ጫማ ያነከተ ጥርስ፣ የእናንተ ድንጋይ ምኑ ነው?»

ሌላ አራት ዓመት። ሌላ መቶ ስልሳ አልሆነም።
ጠርሙስ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የዴልፊን እጅ ተንቀጥቅጧል፤
ፊደሉ ይመሰክራል።
«ሆነ» አላለችም።
በእርሳስ፣ ቢያስፈልግ እንዲጠፋ፣
«ምናልባት» ብላ ጻፈች።

አሁን ከኩሬው ዳር ፋብሪካ አለ፤ ጣሪያው አዲስ፣ ያብረቀርቃል፤
ሪባን ተቆርጧል፣ ጭብጨባው ደምቋል፣ ባንዲራው ይውለበለባል።
«የሀገር ፈጠራ!» አሉ ሚኒስትሯ፤ «የኢንዱስትሪ ተስፋ!»
ሚስተር ዊንስሎ ፈገግ ብሏል፣ ደረቱ እንደ አውራ ዶሮ ተነፍቶ።
ሚኒስትሯ ጠየቁ፦ «የተሳካው ጠርሙስ የታለ? ከጎኑ ፎቶ ልነሣ።»
ሴጋን ከቦርሳዋ መዝገቡን አወጣች፣
ሾርባ የፈሰሰበት ገጽ ላይ ከፈተች፣
ዘረጋችላቸው።
ካሜራ የያዘው ልጅ ወዴት እንደሚያነጣጥር ግራ ገባው።

ሬዮ ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም።
ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ጣቱን ነክሮ፣ አሽትቶ፣
«ገና ነው» አለኝ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው።

ሰኞ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የሚታጠበው ብርጭቆ ተቆልሏል።
ኩባንያው አሁን የሚጠይቀው ስለ ኮባልት ነው፤ «መቼ ነው?» ብሏል።
ዶክተር ኮርቢዬር አዲስ መዝገብ ገዝታለች፣ ቀይ።
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣
ጠርሙስ አንድ፦
ቀለሙ ገና አልደረቀም።