ስም ጠሪዋ

ስም መጥራት ነው ሥራዬ፣ ከመድረኩ ግርጌ፣
መነጽሬን አጥልቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
ቢስማርክ፣ በጥር ወር፣ ንፋስ አጥንት ሲልስ፣
ገበሬው፣ ጠበቃው፣ ጥርስ ነቃዩ ሲደርስ፣
ሰማንያ ቀን ብቻ፣ በየሁለት ዓመት፣
ሕግ ሊያወጡ ይመጣሉ ለሜዳማው ግዛት።
ከሞርክ ቀጥሎ ኔሴት፣ ከኔሴት ኦልስታድ፤
እንደ ዳዊት የማውቀው፣ የማልስተው መንገድ።

ሃልቮር ኔሴት ማለት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፣
ከምዕራብ ወረዳ፣ ከሣር በቀር ከሌለው።
በመጀመሪያው ዓመት፣ ክራቫቱ አንቆት፣
ጠርሙስ ይዞ ገባ ከኮሚቴው ፊት።
ሻይ ይመስላል ቀለሙ፣ ዝገት ተኝቶበት።
«ከትምህርት ቤታችን ቧንቧ ነው የቀዳሁት፤
ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ እስኪ አንዴ ቅመሱት።»
ሰብሳቢው ሳቀና ጠርሙሱን ገፋው።
«ከሐይቁ ውኃ ይሳብ» የሚለው ረቂቁ
ያን ለታ ሞተ፤ አልቃሽ እንኳ የለው።
በሁለተኛው ጉባኤ፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው ሰው።
በሦስተኛው ደግሞ አዲስ ሰብሳቢ መጣ፤
ጠርሙሱ ግን ያው ነው፤ ማን ደፍሮ ይጠጣ?

በመሃል ያወጣው ሕግ ቢቆጠር ሦስት ነው።
አንዱ ስለ ንብ ቀፎ፣ አንዱ ስለ ከብት አጥር፤
ሦስተኛውን እሱም ረስቶታል፣ ብጠይቀው።
እኔ መዝገብ አለኝ፦ የመቃብር ስፍራ ሣር
በማን ወጪ ይታጨድ ይላል፤ አንድ ገጽ ነው።

በአምስተኛው ጉባኤ ሚስቱ ሲግኔ ሞተች።
ሦስት ቀን ቀረ። «በፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ።
በአራተኛው ጠዋት ስጠራው «አለሁ» አለ፤
ድምፁ ከቆፈረው ጉድጓድ የሚወጣ መሰለ።

ነገሩ የመጣው በስምንተኛው ላይ ነው።
ኤሚል ሽቫን፣ የበጀቱ አለቃ፣
ኮሪደር ላይ ያዘው፣ እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ።
እኔ ካፖርቴን እፈልግ ነበር፤ ሰማሁ።
«ውኃህ በእጄ ነው» አለው፣ «አሥራ ስድስት ዓመት የለመንከው።
ከሃምሳ ልጅ በታች ያለው ትምህርት ቤት ይዘጋ
ለሚለው ሕጋችን አንድ ድምፅ ጎደለው።
እከክልኝ ልከክልህ ነው፤ ይህን መቼም አታጣውም።»
በኔሴት መንደር ያሉት ተማሪዎች
ሠላሳ አራት ነበሩ።

በማግሥቱ ጠራሁ። «ሞርክ?» «እቃወማለሁ።»
«ኔሴት?»
ዝም።
ግድግዳው ውስጥ የማሞቂያው ቱቦ ያንኳኳል።
«ኔሴት?»
ደንቡ ሁለቴ ነው። ከዚያ «የለም» ብሎ ማለፍ።
እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቶ ነበር።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ሦስተኛ ጠራሁት።
«እደግፋለሁ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

በአንድ ድምፅ አለፈ።

ቧንቧው በሁለት በጋ ሜዳውን ሰንጥቆ ደረሰ።
ውኃው ሲገባ የትምህርት ቤቱ በር
ሳንቃ ተመቶበታል።
ልጆቹ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ ናቸው፣
ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ።
«ጥማችንን ቆረጠ፣ ልጃችንን ነጠቀ» አለ አገሩ፤
በአርባ አንድ ድምፅ ሸኘው።
ቆጥረው፣ ደግመው ቆጠሩ። አርባ አንድ ነው።

እስከ ዛሬ ጥር ሲመጣ፣ ከሞርክ ቀጥሎ
ምላሴ ይሰናከላል፣ «ኔ...» ሊል ብሎ፣
ወደ ኦልስታድ ይዘላል። ማንም ልብ አይለውም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ አዳራሹ ሲበተን፣
ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣ።
ጠርሙሱ ያው ነው፤ ክዳኑ እንኳ ያው ነው።
«ቶርዲስ» አለኝ፣ «ሦስት ጊዜ ነበር የጠራሽኝ።
ቆጥሬያለሁ።»
ይውቀሰኝ፣ ያመስግነኝ፣ ከፊቱ አልለየሁም።
አስቀምጦት ወጣ።

ወደ መብራቱ አነሣሁት። በወዲያ በኩል
የወንበሮቹ ረድፍ ጥርት ብሎ ይታያል።
ጠጣሁት።
ምንም ምንም አይልም።