የተፈታ ጥልፍ

በመስከረም ፀሐይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
የትርንጎን ሳጥን ከጓዳ ሳመጣ፣
አሪቲው ደራርቆ ሲነኩት ይደቃል፤
ሻሉ ግን ከሥሩ እንደ አዲስ ይስቃል።

መደቡ የሮማን፣ የተሰነጠቀ፤
ወርቀ ዘቦው ጠይሞ ማር ውስጥ የጠለቀ።
የመተማ ነጋዴ ለእናቷ ያመጣው፣
ከየት ነው ሲባል ግን ስሙን እንኳ ያጣው።
ከጫፍ እስከ ጫፉ አሥራ ሁለት አበባ፤
ጠላፊው ከሥራቸው ጥላ ሳይቀር ያስገባ።

ግን ከግራ ጥጉ፣ ትከሻ ሲያርፍበት፣
ሦስት አበባ የለም፤
የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለበት።

«ብል ነው የበላው?» አልኳት።
«ብል ቆጥሮ አይበላም» አለች። «እኔ ነኝ የፈታሁት።

ክር የጠፋ ዘመን፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣
ከአዲስ ዓለም ገበያ አንዲት ዘለላ ሐር ታጥቶ፣
አንዲት አራስ መጣች፣ አርባ ቀን የሞላት፣
ለልጇ ክርስትና ማተብ የቸገራት።
ከሰማያዊው ላይ አንዲት ቅጠል ፈታሁ።
ያን ሌት አልተኛሁም፤ እናቴን ፈራሁ።
ሳምንት ሳይሞላ ሌላዋ ደረሰች፤
ግንዱን ወሰደችው።
ሦስተኛዋማ፣ ምን ይደረግ፣ መንታ ነው የወለደች!»

ከግንቡ በስተጀርባ አሮጌ የሚነግደው
ማንደፍሮ አንድ ቀን ዘርግቶ መዘነው፤
«ጎደሎ ነው» ብሎ ዋጋውን ገመሰ፤
እሷ ግን ከት አለች፤ ዓይኗ እንባ አፈሰሰ።
«ሙሉውን ከፈለግህ፣ ልጄ፣
አንገት ላንገት ዙር፤
ከአራዳ እስከ ቀሃ ስትለቅም እደር።»

አሁንም መንገድ ላይ ድንገት ትቆማለች፤
የባጃጅ ነጂው አንገት ላይ ዓይኗን ትጥላለች።
ክሩ በላብ ነጥቷል። «ቅጠሌ ነው» ትላለች፤
ለራሷ ነው፤ እኔ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ጥር ላይ፣ ለእህቴ ሠርግ፣ እሷው አለበሰችኝ።
«ቀዳዳው ወደ ውጪ! አትሸፍኚው» አለችኝ።
«ደግሞም ቀና በዪ፤ ሐር ጎባጣ አይወድም፣
በጎበጠ ትከሻ አበባ አይበረክትም።»

ከበሩ ስንወጣ፣ ከቀሃ ሽቅብ የመጣ ነፋስ
በሦስቱ አበባ ገብቶ ገላዬን ሲዳስስ
በርዶኝ ነበር።
ሻሉን ግን አልሰበሰብኩም።