ገጽ አርባ ሰባት

ኮዬ ፈጬ ማዞሪያ፣ ታክሲ በሚቆምበት፣
ከብሎኬት ማምረቻው፣ ከጎማ ጠጋኙ ፊት፣
ባንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ ባንድ አሮጌ ማሽን
ፎቶ ኮፒ ሳነሣ እውላለሁ ቀኑን።
ማታ ማታ ደግሞ ተማሪ ነኝ እኔ፣
ደብተሬን ሸጉጬ ከሹራቤ ጎኔ።
ከታች መድኃኒት ቤት፣ ጂምናዚየም ከላይ፣
በመሀል ታሪክ ነን፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ።

መምህር አስናቀው፣ በመጀመሪያው ቀን፦
«ሸምድዳችሁ መጥታችሁ እንዳትተፉልኝ ግን፤
መቼን ትቼዋለሁ፣ የምጠይቀው ለምንን።
በሳምንት ሰማንያ ገጽ ነው ንባባችሁ፤
ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ማንንስ ዘለለ?»
አለ።
ክፍሉ ዝም አለ።
ከኋላ አንድ ልጅ እጁን ሰቀለና፣
«መምህር፣ ይመጣል ወይ፣ ይህ ለፈተና?»

እኔ የማነበው በማሽኑ መብራት ነው፤
ብልጭ ሲል ሁለት መስመር፣ ሲጠፋ ሌላ ሰው።
«ሠላሳ ኮፒ ለኔ»፣ «በፊትና በጀርባ»፤
አንቀጹን ሳልጨርስ ሌላ ደንበኛ ገባ።
ያርባ ልጅ ሃንዳውት በጄ እያባዛሁኝ፣
የሞቀ ወረቀት ሳቅፍ አመሸሁኝ፤
ለራሴ የቀረኝ ቀለም ያለቀበት፣
ጠርዙ የተበላ፣ መስመር የጠፋበት።
ደግሞም አንድ ማታ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ማሽኑ አንድ ገጽ ጎርሶ አኝኮ አላወጣ፤
ካርባ ስድስት ቀጥሎ አርባ ስምንት መጣ።
ከሰው እዋሳለሁ፣ ነገ እያልኩ ሰነፍኩኝ፤
ፈተናው ደረሰ፣
ቀዳዳዬን ይዤ ገባሁኝ።

ሦስት ጥያቄ። ሁለት ሰዓት። ድርሰት።
ሁለተኛው ስለ ገባር፣ ስለ መሬት፤
«ካነበባችሁት ማስረጃ ጥቀሱ» ይላል።
የኔ ማስረጃ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው።
ከጎኔ ጸደንያ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀች።
እኔ መስኮቱን አየሁ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ብሎክ ሰባ ዘጠኝ፣
ጥበቃው ኦቦ ጉተማ ያሉኝ ትዝ አለኝ።
ሱቄን ስዘጋ ነው፣ ባትሪያቸውን ይዘው፣
መኪና ማቆሚያውን በጫማቸው መትተው፦
«አውድማዬ ነበር ይሄ የቆምሽበት፤
ጤፍ እስከዚያ ድረስ፣ ምስር እስከ ወንዙ።
አባቴ ሲሶ ሰጠ ለባለርስቱ።
ላራሹ ነው ተባለ፣ ለኔ ደረሰኝ።
ካሳ ውሰድ ተባለ፣ ፈረምኩኝ።
አሁን በወር ደሞዝ እጠብቀዋለሁ።»

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሞላሁ።
እጄ እስኪዝል ድረስ።

ወረቀቱ ተመለሰ፤ ከሃያ ዐሥራ አንድ።
ከኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ
አንዲት ቃል፦ «ምንጭ?»
ደረጃው ሥር ካለው ቢሮው ሄድኩ።
«አላነበብኩትም፣ የሰማሁት ነው» አልኩት።
መነጽሩን አወለቀ።
«የተሰማም ነገር ምንጭ አለው፤
ማን፣ የት፣ መቼ ብለሽ ጽፈሽ አምጪው።
አርባ ሰባትንም ፈልገሽ አንብቢው፤
ገጹና ሰውየው የሚለያዩት ምን ላይ ነው?
ነጥብ ግን አልጨምርም።»

የጸደንያን ተዋስኩ፣ ለራሴ አነሣሁ፣
ክፍያ የለበትም፣ ብልጭ ሲል አነበብኩ።
ግማሹ ካርታ ነው፤ የኛ ሰፈር ባዶ፣
አንዲት ቀጭን ወንዝ ብቻ፣ ስም የላት።
ከካርታው በታች ስለ ገባር ስምንት መስመር።

ማታ በሩ ላይ ደብተሬን ዘረጋሁ።
«ሙሉ ስምዎን?» ስል ደንገጥ አሉ።
«ለካሳው ነው?»
«አይደለም፣ ለትምህርት ነው።»
ዝም አሉ። ባትሪያቸውን አጠፉ፣ መልሰው አበሩ።
ከዚያ እስካያታቸው ቆጠሩልኝ፣ በዝግታ፣
እንዳላጣምመው ሁለት ጊዜ ደግመው።
ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
ጉተማ ዋቅጅራ ቶላ፣ የቀድሞ ገበሬ፣
ብሎክ ሰባ ዘጠኝ በር ላይ፣
ማክሰኞ ማታ፣ ሦስት ሰዓት።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ፣ ብርሃኑን ደብተሬ ላይ አድርገው።
አነበብኩ።
ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጤፉን ጽፈሻል» አሉ፣
«ምስሩስ?»