የቆጣሪ ንባብ

ዘይቱናን በር ላይ ትቻት ከሄድኩ ሦስት ክረምት አለፈ፣
እጇ መወርወሪያው ላይ፣ አንድ እግሯ ደፉ ላይ እንዳረፈ።
ልትገባ ነበር፤ ገብታ ምን እንደምትል ግን አላወቅሁ፤
መብራት ጠፋ፤ ደብተሬን አጥፌ ትራሴ ስር ደበቅሁ።

ቀን ቀን የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ።
ከሄርማታ እስከ ጊንጆ፣ ከዚያ ሽቅብ እስከ ጅሬን ስር፣
በቦቲ ጫማ፣ በየአጥሩ ጥግ፣ ስለቅም የሰው ውሃ ቁጥር።
ክዳኑን ሳነሳ አንዳንዴ እንቁራሪት ቀድማኝ ታነባለች፣
መስታወቱን በአውራ ጣቴ ስጠርግ ዘላ ትሸሻለች።
ያለፈ ንባብ። የአሁን ንባብ። ልዩነት።
እጽፋለሁ። ውሻው እስከ መንገድ ይሸኘኛል።

ማታ ልጄ ስትተኛ በርጩማዬን ወደ መስኮቱ እስባለሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይዞታል፤ የጅማ ዝናብ መሄጃ የለው፣
ከጀመረ አይሰለቸው።
እኔ ይሰለቸኛል።
አንድ ዐረፍተ ነገር። ሰረዝኩት።
ሌላ አንድ። እሱን ነገ ልሰርዘው አቆየሁት።

ሰባ ገጽ ደርሼ ነበር፤ ማለዳ ተነስቼ ሳነበው
ዘይቱና አይደለችም፤ አፏን ተውሳ የምታወራው
ሌላ ሴት ናት።
ሰባውንም ገንጥዬ ለአናጢው ለአባ ፊጣ ሰጠሁት፣
ወንበር ሲቀባ ወለሉ እንዳይበላሽ ከስር እንዲያነጥፍበት።
በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኳ፣
ቫርኒሽ የጠጣ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣
«ባልየው ከመቱ ተመለሰ ወይስ ቀረ?» ብሎ።
«አላወቅሁም» አልኩት።
«ታዲያ ማን ይወቅ?»
መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፣ እንደ ዘይቱና።

አለቃዬ አቶ መኩሪያው ነገሩን ከማን እንደሰሙት እንጃ፤
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል።
ቆሟል እኮ እንቁላሉ፤ መንገዱ ነው የጠፋው።
እህቴ ደግሞ፣ ደብተሮቹን በዓይኗ መዝና፣
«ከዚህ ሁሉ ጽሕፈት ጠብ የሚልልሽ ነገር የለም።»

ኅዳር ነው። ቆጪ። ሰው የሌለበት ቤት።
ባለቤቶቹ አጋሮ ልጃቸው ጋ ከሄዱ ስምንት ወር፣
ግቢውን የወረሰው ሣር።
ጎረቤት ቁልፍ አምጥቶ ከፈተልኝ። ክዳኑን አነሳሁ፤
ያለፈውን አየሁ፤ የአሁኑን አየሁ፤ ዓይኔን ጠረግሁ።
ሁለት ሜትር ኩብ።
አሥር በርሜል ውሃ፤ ማንም ያልጠጣው፣ ማንም ያላየው።
ዞሬ ከጓሮ ደረስኩ።
ጠብ።
ትንፋሽ።
ጠብ።
ከቧንቧው ስር ጎደሬ በቅሎ፣ ቅጠሉ ልጅ ያስጠልላል።
መዝገቤን በላስቲክ እንደጠቀለልኩ እዚያው ቁጢጥ አልኩ፣
ስንት ጠብታ እንደሆነ ልቆጥር ሞከርኩ፤ ተውኩት።
«ፍሳሽ አለ» ብሎ ማመልከት የሥራዬ ደንብ ነው።
አላመለከትኩም።

ያን ማታ ዘይቱና በሩን ገፋችው።
ሦስት ክረምት አፏ ውስጥ ቃል ስፈልግላት ኖርኩ፤
ሰላም እንኳ አላለች። እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፣
ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ባልየውም እንጨት ጨመረ፤
ከዚያ ወዲያ እኔ አልነበርኩም የምመራው፤ ተከተልኩ እንጂ።
ሁልጊዜ አይደለም። ጥር ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አለችኝ።

መጋቢት፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
አራት ነጥብ አኖርኩ።
ምንም አልሆነም። አወይቱ ከታች ይሄዳል።
እጄን አየሁት፤ ቀለም ነክቶት ነበር፤ ታጠብኩት።
ጠዋት፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ የወለድኳት ልጄ
ርዕሱን ፊደል በፊደል፣ በጣቷ እየገፋች አነበበችው፤
ሁለተኛው ቃል ላይ ተሳሳተች። አላረምኳትም።

በመዝገቤ ጀርባ፣ ለማንም በማይሞላ መስመር ላይ፣
ያለፈ ንባብ፦ ዜሮ።
የአሁን ንባብ፦ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ልዩነት የሚለውን ባዶ ተውኩት።
ከዚያ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ጥገና ክፍል ሄድኩና
አራት ወር የደበቅሁትን፣
የቆጪውን ቧንቧ አመለከትኩ።