ማክሰኞ፣ ከሣጥኑ ጋር

ፒያሳ፣ ከፋርማሲው በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፣ ከመናኸሪያ የሚታይ፤
«ካምፓሳችን አራት፣ ራዕያችን አንድ» ይላል።
በእኔ ቆጠራ ግን እንዲህ ይከፈላል፦
ሁለቱ እዚሁ ደሴ፣ የኪራይ ፎቅ ናቸው፣
ደረጃ ላይ ሰው ሲተላለፍ ትከሻ የሚያጋጫቸው፤
አንዱ ኮምቦልቻ ታች፣ ከብረት ፋብሪካው ማዶ፤
አራተኛው ገና መሬት ነው፣ በገመድ የታጠረ ባዶ።

ሁሉንም የሚያስተሳስር
ኔትወርክ የሚሉት አለ፣ በአየር የሚበር፤
ጦሳ ጉም ሲለብስ ግን እሱም ይተኛል።
ያኔ «ጋሽ ይመር የት አለ?» ይባላል።
የፈተና ወረቀት፣ የመምህራን ሻንጣ፣
የተረሳ ቻርጀር፣ የሬጅስትራር ማኅተም፣
ላይ የቀረውን ታች፣ ታች የቀረውን ላይ ላመጣ
ነጯን ሚኒባስ አስነሣለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሐረጎን ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ።

ማክሰኞ ደግሞ ሣጥኑ አለ።
ኦሲሎስኮፕ ይሉታል። (ስሙን አፌ እስኪለምድ ስንት ቀን ተቃጠለ!)
ለአራቱም የተገዛው እሱ ብቻ ስለሆነ
ጦይባ፣ የላብራቶሪዋ፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤
መኪናው ሲንገጫገጭ፣ እንደ ጨቅላ አንገት፣ በመዳፏ ትደግፈዋለች።
«ቀስ፣ ጋሽ ይመር» ትላለች።
ቀስ እላለሁ።

የዚያን ዕለት ጉሙ ሐረጎን ከነኩርባው ዋጠ።
ከፊታችን ስሚንቶ የጫነ ተሳቢ ዘጭ ብሎ ተገለበጠ።
ሰው አልሞተም። ከረጢቱ ግን ፈንድቶ፣ ካፊያው እያራሰው፣
ቦዩ ውስጥ ድንጋይ ሊሆን ጀመረ፣ ማንም ሳያዘው።
ታች አሥራ ዘጠኝ ተማሪ የተግባር ፈተና ይጠብቃል።
ጦይባ ትደውላለች። ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ይወድቃል።

ዳሽቦርዴ ላይ ቀይዋ የባትሪ መብራት ብልጭ፣ ድርግም።
«ይቺ ስንት ጊዜዋ ነው?»
«ሦስት ወር። ሁለት ባትሪ ቀይሬ አልዳነችም።»
«ባትሪው ባይሆንስ?» ብላ ሣጥኑን ፈታች፤
የፊት ወንበሩን አስነሥታኝ፣
ቀዩን ሽቦ ወዲህ፣ ጥቁሩን ወዲያ አያያዘች።
«በል አሁን ነዳጅ ስጠው።»

መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር መራመድ ጀመረ፤
ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ፣ ከዚያ ገደል።
እንደገና ጥርስ፣ ጥርስ... ከዚያ ገደል።
«አየህ? ከስድስቱ ዳዮድ አንዱ ሞቷል፤
ባትሪህ በከንቱ ነው የሚወነጀል።»

ያን ሞተር በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ሳሉን፣ ቁጣውን፣
ሐምሌ ሐምሌ ማለዳ የሚያሰማውን።
በዓይኔ ሳየው ግን ደነገጥኩ፤
የሚስቴን ራጅ ሐኪሙ መስኮት ላይ እንደለጠፈው ቀን፦
አብሬው የኖርኩት አጥንት፣ አንድ ቀን እንኳ ያላወቅኩት።
የተሳቢው ረዳት፣ ፀጉሩ በስሚንቶ ሸብቶ፣
በትከሻዬ በኩል አንገቱን አውጥቶ፣
«ይሄ የማን ልብ ነው?» አለ።
«የእኔ» አልኩት።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሆኗል፤
ሦስቱ ለፈረቃ ሄደዋል። ሽኩርን፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን፣
ቅንድቡ ላይ ጥጥ እንዳለ እንቅልፍ ጥሎታል።
ጦይባ ያዘጋጀችውን ጥያቄ ትታ
ያንኑ መስመር በጠመኔ ሣለችው፣ ከነገደሉ።
«ይህ ምን ጎደለው?»
አንዱ እርሳስ ነከሰ፤ አንዱ ጣራ ጣራ አየ።
እኔ ቁልፌን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤
መልሱን አውቃለሁ።
የጠየቀኝ ግን የለም፤ ደግሞም ፈተና ነው፤ ዝም አልኩ።

ሰሌዳው አሁንም አራት ይላል። ሣጥኑ አሁንም አንድ ነው።
ዲናሞው ተሠርቷል፤ መካኒኩን ግን ሰላም አልለውም።
ማክሰኞ ስንወርድ ኩርባ እቆጥራለሁ፤ ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ፤
ጎርፍ ዳሯን የበላት ያቺ ቦታ ስንደርስ
ጦይባ አፏን ሳትከፍት
ቀስ እላለሁ።