ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አንድ

ድልድዩን ተሻግራ ማልዳ መጣች ረባብ፣
ቅጽ ይዛ በክንዷ፣ የምትጽፍ፣ የምታነብ፣
ባሕሬን፣ ነቢህ ሳሌህ፣ ከምንጩ አፍ አጠገብ።
ምንጭ ያልሁት ስሙን ነው፤ ውሃው ከሄደ ቆይቷል፤
ጎድጓዳው ወለል ላይ ድመት ተኝቶበታል።

ሐጂ መኪ ጠበቋት ገመድ በወገብ ታጥቀው፣
የወንዴውን አበባ ለሴቴዋ ይዘው።
ሰባ ሁለት ዓመታቸው፤ ዛሬም ቴምር ይወጣሉ።
«ጠይቂኝ፣ ልጄ፤ ከታች ሆነሽ» ይላሉ።

እኔ ከግንዱ ሥር ቅርጫት ይዣለሁ።
በራሶ እባላለሁ።
ቅጹ ላይ የለሁም፤ ለሠራተኛ ሣጥን የለውም።

«ዕድሜ?» አለች ረባብ። «ሰባ ሁለት» አሉ ከላይ።
«የመሬት ስፋት?» «እስከ በርሜሉ ነው፣ ከዚህ ሲታይ።»
«ትምህርት?» አለች። ዝም። የአበባው ብናኝ ረገፈ፤
ቢጫው ወርዶ፣ የትምህርቱን ሣጥን ሞልቶት አለፈ።

«ከቴምሩ ሥር ሎሚ፣ ከሎሚው ሥር አልፋልፋ፣
ሦስት ፎቅ አርገው ቢተክሉ ምን ይከፋ?
ጥላ ለጥላ ሲያወርስ ውሃው በፀሐይ አይጠፋም፤
አፈሩ ቅጠል ይለብሳል፣ እንዲህ በጨው አይነጣም።»

«አባቴ እንዲሁ ነበር» አሉ፣ «የሚተክል፣
ሎሚውን፣ ሮማኑን፣ ለአህያው ሣር በመሐል፣
ምንጩ ነፍስ ሳለው፣ እኔ ልጅ ሆኜ ስዋኝበት።
አዲስ አይደለም፣ ልጄ፣ ያመጣሽልኝ ብልሃት።
ውሃ ሲርቅ ሎሚው ሞተ፣ ሮማኑም ተከተለው፤
ቴምር ብቻ ቀረ። ቴምር ምን ያላየው ጉድ አለው?»

«ታዲያ» አለች ገልጣ፣ «ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አንድ፦
ዳግም እንዳይሞክሩ ምን አለ የሚያግድ?
ሀ፦ ውሃ። ለ፦ ገንዘብ። ሐ፦ የመሬት ይዞታ።
መ፦ የዕውቀት ማነስ። አንዱን ይምረጡ፣ በእርጋታ።»

መልስ አልመጣም።
ገመዱ ግንዱን ሲነክስ ብቻ ሰማሁ።
በሲትራ በኩል የነዳጅ ጋኖች ያብለጨልጫሉ።

«ውሃው በቦቴ ነው፣ በዲናር፤ እሱን ጻፊ።
መሬቱ የወቅፍ ነው፣ በየዓመቱ ኪራይ፤ እሱንም ጻፊ።
ልጄ ሃኒ ባንክ ነው፤ ‹አባ፣ ተወው› ይለኛል።
ሎሚ በአራት ዓመቱ ያፈራል፤
እኔስ ያኔ የት እሆናለሁ?
ይኼ የቱ ሣጥን ይገባል?»

ረባብ እስክሪብቶዋን ነክሳ «ሌላ» የሚለውን አሰመረች፤
ከ«ሌላ» ፊት ያለችው ባዶ መስመር አጠረች።

እኔ ብጠየቅ ኖሮ አባቴን እላት ነበር።
ጌዴኦ ነው አገራችን፤ መሬቱ ቁልቁለት፣ ጠባብ፤
ከዋንዛው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ጎደሬ፣
ከጎደሬው ሥር ዶሮ፣ ከዶሮዋ እግር ሥር ፍሬ።
ባዶ አፈር ሲያይ አባቴ ያፍር ነበር፣
ራቁቱን ሰው እንዳየ ፊቱን ያዞር ነበር።
ሲጀምር ግን በቅጽ አልተማረው፤ ከጎረቤት ቀዳው፦
አጥር ላይ ቆሞ ሁለት ዓመት አማው፣
በሦስተኛው ተከለው።

የዚያን ቀን ምሳችን ዓሣ ነበር፣ ሎሚ የተጨመቀበት።
አንዲት ፍሬ ከምላሴ አወጣሁ፤
በሰሜኑ ቴምር ጥላ፣ የዓሣ ራስ ቀበርሁባት፤
የመጠጫዬን ትራፊ አጠጣኋት።
ለማንም አልተነፈስሁ።

ሰኔ መጣ፤ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደ።
ሎሚዋ አራት ቅጠል ሆነች፣ ቁመቷ የጣቴን ያህል።
አንድ ሌሊት ሐጂ በባትሪ መጡ፤
«አለቀልኝ» አልሁ በልቤ።
ጎንበስ አሉ። ቅጠሏን በሁለት ጣት አሽተው አሸተቱ፤
ብዙ ቆዩ።
እኔ የተኛሁ መሰልሁ፤ እያሳሉ ገቡ።

ጠዋት ሳየው የውሃው ጎማ አፉን አዙሯል፣
ከቴምሩ ግንድ ወደሷ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሏል።
እንዳይመለስ ድንጋይ ተጭኖበታል።

በመስከረም ረባብ መጣች፤ «አዲስ ነገር አለ?» አለች።
«ምንም» አሉ ሐጂ ከላይ፣ ዘለላ እየቆረጡ።
ጎረቤታችን ሚርዛ ግን አጥሩ ላይ ተደግፎ
«መኪ አረጀ፤ ውሃውን ለአረም ያጠጣል» ሲል ሰማሁት።

አልተቆጣሁም።
አንድ ብዬ ቆጠርሁ።