አራተኛው መስመር

ማክሰኞ ጠዋት፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል፣
እናቴን ትርንጎን ከአራተኛ ፎቅ ይዣት ወረድኩ።
ዓፉላ ገና አልነቃም።
በየደረጃው ጉልበቷን እየያዘች ጠየቀችኝ፦
«ማን ሞተ? ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?»
«ማንም። ልንራመድ ነው።»
«ወዴት?»
«ወዴትም። ሄደን እንመለሳለን።»
ቆም አለች። ወድቆ እንደተገኘ ሳንቲም
ቃሉን አገላብጣ አየችው፦ «ሄዶ መመለስ!
እኔ ከሄድኩበት ሁሉ የተመለስኩበት የለም።»

በሩ ላይ ቲኬት ቆረጥን፣ ለአዛውንት ግማሽ ዋጋ።
«ሣር ለማየት ገንዘብ?»
ቲኬቱን ግን እንደ ውል አጥፋ
መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

መጀመሪያ ያገኘነው ባሕር ዛፍ ነበር።
ግንዱን እንደ ጎረቤት ልጅ መታ መታ አድርጋ
«አንተም መጣህ? በየት በኩል?» አለችው።
እዚህም ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው አልኳት፣
ረግረጉን ይጠጣ ብለው ተክለውት።
«ሥራ ሰጥተው አስቀሩት በይኛ!
እኔንም መጥረጊያ ነው የሰጡኝ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት።
መንገዱ ድንጋይ ላይ ተቀብቷል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ።
እኔ ቀለም ፍለጋ፣ እሷ ቅጠል ፍለጋ።
በየሰሌዳው ሦስት መስመር አለ፤
ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛ፤
ከሥሩ ባዶ ቆርቆሮ።
እናቴ የምትናገረው እዚያ ባዶው ላይ ነው፦
«ይቺ እንስላል። ያቺ ጉሎ፣ ለቆዳ ማለስለሻ።
ሳማ! ሳማ አለ፣ እግርሽን ሰብስቢ!»
ሠላሳ ዓመት ስኖር እዚህ ሳማ መኖሩን የነገረኝ የለም።
ሲለበልበኝ ግን
በዕብራይስጥ አልጮህኩም።

ሌላ ሰሌዳ፦ እጅ፣ አበባ፣ ቀይ ሰረዝ።
አየችው። አለፈችው።
ቀነጠሰች።
ካኪ የለበሰ ጠባቂ ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ አለ፤
እኔ ወዲያው ይቅርታ ማሰናዳት ጀመርኩ፣
ዕድሜዋን፣ ጉልበቷን፣ አለመማሯን
አንድ በአንድ ልቆጥርለት።
ዋጂህ ይላል የደረቱ ጽሑፍ፤ ከተራራው ግርጌ መንደሮች የአንዱ ልጅ።
እጇን ሳይሆን ቅጠሉን አየ። ቁርቁራ።
«ምን ልታደርጊበት?»
ቃል አጣች። ሻሿን ፈታ አድርጋ
ቅጠሉን በመዳፎቿ መሐል አሸችው፣
ጸጉሯንም በባዶ አየር አጠበች።
«አያቴ!» አለ ዋጂህ፤ ቆቡን አወለቀ፣ እሱም አሸ፣ እሱም ታጠበ።
ውኃ የለ፣ ሳሙና የለ፣
ሁለቱ መንገድ መሐል ቆመው ሲታጠቡ
ብስክሌተኞች በጎናቸው አለፉ።
ደንቡን አልረሳም፤ «ዳግመኛ እንዳትቆርጪ» አላት፤
ከዚያ ዓይኑን ወደ ሸለቆው መልሶ
«የወደቀውን ፍሬ ግን እኔ አላየሁም።»

ዳገቱ ላይ አካፋ።
«ጠል እንዳያርፍበት የተረገመው ተራራ ይሄ ነው አሉ?»
«ይሄው ነው። ጊልቦዓ።»
ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች፣ ካፊያው ጉንጯ ላይ ወረደ።
«እርግማንም ያረጃል» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

ጫፉ ላይ አይሪስ፤
ሐምራዊ፣ ጥቁር ሥር የተጋደመበት፣ እንደ አሮጊት እጅ።
እናቴ ጎንበስ አለች።
አራተኛውን መስመር ልጽፍ ስልኬን ይዤ ጠበቅኩ።
ነፋስ።
«ይህን አላውቀውም።»
አነበብኩላት፦ ከዚህ ተራራና ከጎረቤቶቹ በቀር የትም አይበቅልም።
«እንግዲያው ባለቤቷ እሷ ናታ!»
ሻሿን አስተካከለች፣ ጭቃውን ከጫማዋ አራገፈች፣
ሰው ቤት እንደሚገባ፣
«እንደምን ዋልሽ» አለቻት፣
እስኪመለስላትም ትንሽ ጠበቀች።

አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፋች።
ማታ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ልትወስድ ስትቆም
አንድ ጉንጯ አብጧል፤ የቁርቁራ ፍሬ።
«ሄደን ተመለስን» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለደረጃው፣
ፍሬውንም አላምጣ አላምጣ
መዳፏ ላይ ተፋችው።